የሁለቱ ጣውንቶች ክኒን

ከሚሴ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ኤች አይ ቪን አስቀድሞ የሚከላከል አዲስ ክኒን ሊሞክሩ አጥኚዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ ኦሮምኛ ስለምችል አስተርጓሚ አድርገው መደቡኝ። ዛሬም ያ ጥናት ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ከጨፋ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የከብት ነጋዴ ነው፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ። ባቲ ገበያ ሲመላለስ መድኃኒቱን እያቋረጠ ቫይረሱ አልቀንስለት ብሏል። እሷ ግን ነጻ ነበረች። ጥናቱ ተቀበላትና በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ተሰጣት።

ሰውየው ከእሷ የምታንስ ሌላ ሚስትም አለው። ታናሿም ነጻ ነበረች። ጥናቱ ግን ከአንድ ባል አንዲት ሚስት ብቻ ነው የሚቀበለው። ለምን ብዬ ብጠይቅ «አሠራሩ ነው» አሉኝ። አሠራር! ይህን ያወጣው ሰው ጣውንት ሲባል ፀጉር መነጫጨት ብቻ ይመስለው ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚኖሩት አንድ ግቢ ነው፤ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ታርሳታለች። ባልየው ለአንዷ ጨርቅ ከገዛ ለሌላዋም ይገዛል፣ ማበላለጥ ሐራም ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጨፋ የለም፤ አጥኚዎቹ ግን አልጠየቁም።

ትልቋም ያደረገችው የምታውቀውን ነው። አንድ ቀን እሷ ትውጣለች፣ በማግስቱ ለታናሿ ትሰጣለች። በደሟ ውስጥ ያለው መድኃኒት አንሶ ሲገኝ የአጥኚው ቡድን ኃላፊ አስጠራት። ምንም አልደበቀችም።

«እኔ እየዋጥኩ እሷን ዝም ብዬ ልያት? አላህስ አይጠይቀኝም?»

ግማሽ መድኃኒት ሁለቱንም እንደማይጠብቅ ማንም አስቀምጦ አላስረዳትም። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረና «ደንብ ጥሳለች፣ ከዛሬ ጀምሮ ከጥናቱ ወጥታለች በያት» አለኝ። ነገርኳት።

«ኢሼን ሆ?» አለችኝ። እሷስ? ማለቷ ነው። «እኔ ከወጣሁ ቦታዬን ለእሷ ስጧት።»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። መተካት አይቻልም፣ ጤና ጣቢያ ሄደው የተለመደውን የመከላከያ ክኒን ይጠይቁ አለ። እዚያው የምሠራው እኔ ነኝ፤ መከላከያው ካለቀብን ሰንብቷል። ይህንኑ ብነግረው «እሱ የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ። ደም ከክንዷ ሲቀዱ ሥራቸው ነበረች፤ ባዶ እጇን ስትሸኝ የማንም ሥራ አልሆነችም።

ክረምቱ እንደወጣ ታናሿ ለእርግዝና ክትትል መጣች። አብራት የመጣችው ትልቋ ናት። የሁለቱንም ደም የመረመርኩት እኔ ነኝ። ትልቋ ነጻ ናት። ታናሿ ተይዛለች።

በዚያው ሰዓት መድኃኒት ሰጠኋት፤ በነጻ፣ ለዕድሜ ልኳ። ስንተኛ ሚስት እንደሆነች የጠየቀ የለም፣ የከለከለም የለም። ታናሿ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ትልቋ የክኒኑን ብልቃጥ ከእጄ ተቀበለች፤ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለካ እስክትታመም ነው ስትጠብቋት የነበረው» አለችኝ።