ሜሞሪውን በሬዲዮ ስናደላድል

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ጊዜ፣ አሶሳ በተከፈተው የትምህርት ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ሃሩን ቁም ሳጥን ከፍተው በፎጣ የተጠቀለለ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር አወጡ።

«ይኼን ሁሉም ሰው ይፈራዋል። አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ አሉኝ፤ መመሪያውን አንብቢው» አሉ።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በማታ ትምህርት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መመሪያ ቃል በቃል በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነበብኩት። አቶ ሃሩን ባለፉ ቁጥር «ቁርአን አደረግሽው እንዴ? መቼ ነው ጨርሰሽ የምታኸትሚው?» ይሉኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ራቅ ወዳለችው ቶንጎ የተመደቡ አዳዲስ መምህራን ግቢያችን ተሰበሰቡ። የምደባ ደብዳቤ ያልያዘውን ወረዳው አይቀበለውም። መኪናዋ ከቀትር በኋላ ትነሳለች፤ ዝናቡ መንገዱን ከዘጋው ሌላ የሚሄድ የለም። ታይፕራይተራችን ለምክር ቤቱ ስብሰባ ተወስዷል። ደብዳቤዎቹ ያሉት ተንቀሳቃሹ ውስጥ ነው።

አዲስ ማተሚያ መጥቶልን ነበር። የማተሚያውን ፕሮግራም ሳስገባ የአማርኛ መጻፊያው «ሜሞሪ አይበቃም» ብሎ አልከፈት አለ። ሳወጣው ይከፈታል፤ ግን በምን ይታተማል? ሁለቱም የሚሻሙት የታችኛውን ሜሞሪ፣ ፕሮግራም ሲሠራ የሚቀመጥበትን ጠባብ ቦታ ነው። ከላይ ባዶ ቦታ እንዳለ መመሪያው ነግሮኛል፤ የማተሚያውን ፕሮግራም ወደዚያ ማውጣቱን ግን አላውቅበትም።

ተንቀሳቃሹን ታቅፌ አቶ ሃሩንን ተከትዬ ከሌሎች ከተሞችና ወረዳዎች ጋር የምንነጋገርበት ሬዲዮ ክፍል ገባሁ። ፓዌ ከተማ ባለው ቢሮ መኮንን የሚባል፣ ከወሎ የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። በመልክ አላውቀውም።

«እታለም፣ ከሁሉ በፊት ማስነሻ ዲስኬት ሥሪ፤ እምቢ ቢል በእሱ እናስነሳዋለን። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነበውን ፋይል እዚያ ላይ ገልብጪ። ኦቨር» አለኝ መኮንን በሬዲዮው።

ገለበጥኩ። ከዚያ ትእዛዞቹን መስመር በመስመር ነገረኝ፤ እኔም ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ፋይል ላይ እየጻፍኩ ነጥብ ሳላስቀር መልሼ አነበብኩለት። የወረዳ ሬዲዮዎች ሁሉ ይሰማሉ። የሆሞሻው ኦፕሬተር አላስቻለውም።

«አሶሳ፣ ቦታ ከጠበባችሁ እኛ ጋ ሞልቷል፤ ላኩት!»

አጥፍቼ አስነሳሁት። ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ።

«ኸላስ፣ አለቀ፣ ገደልሽው!» አሉ አቶ ሃሩን። ውጭ የመኪናዋ ጡሩምባ ይጮሃል። ከመምህራኑ አንዷ፣ ዘሀራ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እትዬ፣ ዘንድሮ ቀረን ማለት ነው?» አለችኝ።

ወደ ሬዲዮው ዞርኩ። ያየሁትን ለፓዌ ተናገርኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ መኮንን፣ ክልሉ ሁሉ እየሰማ። «እሷ ያልኳትን ነው የጻፈችው። እኔ የነገርኳት የጠረጴዛ ኮምፒውተሩን ትእዛዝ ነው። ተንቀሳቃሹ ከላይ ለራሱ የሚይዘው ቦታ አለ፤ እሱን አትንካ የሚል ትእዛዝ መጨመር ነበረብኝ። በዲስኬቱ አስነሺው፣ እታለም። ኦቨር።»

በዲስኬቱ ተነሳ። የጎደለውን ጨምሬ መልሼ አነበብኩለት፤ እንደገና አስነሳሁ። የማተሚያው ፕሮግራም ከላይ ተቀመጠ፤ አማርኛው ከታች ተከፈተ። ቢሮ ተመልሰን ማተሚያውን ስናገናኘው መንጫጫት ጀመረ። ዘሀራ ማህተሙ ያልደረቀ ደብዳቤዋን እያራገበች መኪናዋ ላይ ወጣች።

አቶ ሃሩን የመኪናዋ አቧራ እስኪጠፋ በር ላይ ቆመው አዩ። «ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አሁን አኸተምሽ» አሉኝ።

ዛሬ ሜሞሪ ሞልቷል፤ ያ ሁሉ ድካም ቀርቷል። መኮንንን በአካል ሳላገኘው፣ እጁን ጨብጬ ሳላመሰግነው ጡረታ ወጣሁ። ለእናንተ፣ አሁን ሥራ ለምትጀምሩት፣ ከእሱ የያዝኩትን ልስጣችሁ። ቅጂ ሳትገለብጡ ምንም ፋይል አትንኩ። ስትሳሳቱ ሌላ ሰው እንዳይወቀስ ቶሎ ተናገሩ።