ዛሬ ሊያስተኙኝ የመጡት ጎረቤቶች

ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ጎረቤቶቻችን አልጋዬን ከበው፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ሲጠብቁ ዋሉ።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ እንቅልፍ እንዳጣሁ ብናገር ሐኪሙ፣ "ክፍልሽን ጸጥ አድርጊ፣ ስትተኚ ስልክሽን አጥፊ" አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ለሰፈሩ ነገረች። በከተማችን በመካነ ሰላም ደግሞ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም፣ ይጠየቃል።

"አብሽሪ ልጄ፣ ተኚ! እኛ አለንልሽ" አሉኝ እትዬ ዘሃራ እግሬ ላይ ተቀምጠው። ግርጌ ማለቴ አይደለም፣ እግሬ ላይ።

አንዷ ዱዓ ታደርጋለች፣ አንዷ የከላላን ገበያ ታወራለች፣ ሌላዋ በየመሐሉ ጎንበስ ብላ "ወሰዳት?" ትላለች። መውጫ የለኝም። ሲጨንቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ማንኮራፋት ጀመርኩ።

"አልሐምዱሊላህ!" ተባለ። ወሬውም ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

ያኔ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። "መተኛቷስ ደግ ነበር። ግን ይች ስልኩን አጥፍታ ከተኛች፣ ዘይነባ ብትደውል ማን ያነሳል?"

ዘይነባ ታላቅ እህቴ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። መደወል የምትችለው አሠሪዎቿ ሲተኙ ብቻ ነው። ከአረፋ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማንም። እንቅልፌም የሄደው ያኔ ነው።

እኔም ማንኮራፋቴን ቀጠልኩ፤ ምን ልበል?

ዓረብ አገር ሰው ያላችሁ፣ እናንተ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ትተኛላችሁ? እንዴት እንደቻላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።

ብቻ እንዳትደውሉ። መስመሩ እንዳይያዝ።