ጣይው ያልኳት የቄጠማ እስር

እናቴ ለቅዳም ሹር የሚታደለውን ቄጠማ ራሷ አጭዳ ለቤተ ክርስቲያን ካላስገባች ፋሲካው የደረሰ አይመስላትም። ዘንድሮም ጸሎተ ሐሙስ ዕለት የመለዋወጫ ሱቄን አዘጋችኝና ከመርሳ ወጣ ብሎ ወዳለው የመስኖ ኩሬ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አጉረመረምኩ። የበልጉ ዝናብ ኩሬውን ስለሞላው ወደ ውስጥ እንዳትገባ ብነግራት፣ እሷ እቴ መቼ ሰምታኝ!

«ቄጠማ የቆመበት መሬት አለ፤ አንተ ደግሞ» ብላኝ ማጭዷን ይዛ ገባች።

እውነት ለመናገር እኔም አመንኳት። ከዳር እስከ መሀል ውሃ የሚባል አይታይም፤ የከብት ግጦሽ ነው የሚመስለው። አንድ ትልቅ እስር አሰረችና አቀፈችው። ከዚያ ለምለም አይታ አንድ እርምጃ ጨመረች፤ በዚያው ሰመጠች።

እናቴ ዋና አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። ደነገጥኩ ማለት ትንሽ ነው፤ «የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ። ኩሬው አጠገብ ማሳ የሚያጠጣ ገበሬ ገመድ ይዞ ሲሮጥ መጣ። ራሷ ብቅ አለ። እስሩን እንዳቀፈች ነው።

«እማዬ ጣይው! ይዞሽ ይሰምጣል፣ ጣይው!» አልኳት በሙሉ ድምፄ።

«ኧረ ይጣሉት እናቴ!» አለ ገበሬውም።

ጭራሽ አገጯን ጫነችበት። ገመዱን በአንድ እጇ ያዘች፣ ሌላው እጇ ከእስሩ አልተላቀቀም። ጎትተን አወጣናት።

«ለመድኃኔዓለም የያዝኩትን እጥላለሁ?» አለችኝ እየተንቀጠቀጠች።

ንዴቴን መቋቋም ሲያቅተኝ እስሩን አንስቼ ውሃው ላይ ወረወርኩት። አልሰመጠም። በዱላ ብደፍቀው ተመልሶ ብቅ አለ። አንዱን ዘንግ መዝዤ ሰበርኩት፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ ስጨምቀው አረፋ ተፋ። ለካ ሥሩ በውሃ ውስጥ አየር ስለማያገኝ ዘንጉ ከላይ አየር ያወርድለታል። ያ ግጦሽ ያልነውም መሬት አልነበረም፤ ሥር ከሥር ተያይዞ፣ በያዘው አየር ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ነው። ያሰመጣትም ውሃ ላይ ያቆያትም አንድ ተክል ነው። እስሩን በዱላው ስቤ አወጣሁትና እኔው ተሸከምኩላት።

ቅዳሜ ቄሱ ቄጠማውን ሲያድሉ እናቴ ግንባሯ ላይ አሰረችና ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ አትሰማኝም እያልኩ ሳማርራት ኖሬያለሁ። ሐሙስ ዕለት ሰምታኝ ቢሆን ኖሮ፣ ቤተ ክርስቲያን የመጣሁት ለቀብሯ ነበር።