በልጄ ደብተር ያነበብኩት

በ1962 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አሰብ ላይ የሆነ ነው። ክረምት ስል ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ የአሰብ ክረምት እሳት ነው። ብዙ ማውራት አይሆንልኝም። ግን እመቤቴ ያን ቀን ያደረገችልኝን ሳልናገር ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

ባለቤቴ ከደሴ ተዛውሮ ወደብ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። በዚያ ሰሞን ለወንድሙ ተዝካር ደሴ ሄዷል። ቤት የነበርነው እኔና አንድ ልጃችን ክፍሌ ነን። ክፍሌ አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሷል። ትምህርቱ ሳይኮሎጂ የሚሉት ነው።

«እብድ ልታክም ነው?» ስለው ይስቃል።

«የጤነኛውንም ሐሳብ ነው የምናጠናው፣ እማዬ።»

«ጤነኛው ደግሞ ምን ሆነና?»

አስተማሪዎቹ ለክረምቱ ጥናት ሰጥተውታል። ከደጋ መጥተው ወደብ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሙቀቱንና ብቸኝነቱን እንዴት እንደሚችሉት ጠይቆ እንዲጽፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይወጣል፤ ከሠራተኞቹ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ ያወራል፣ ይጽፋል።

መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ምግብ ሳቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። «ደህና ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ» ይለኛል። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ለቅዳሴ ልወጣ ነጠላዬን ለብሻለሁ። ክፍሌ ቤት አልነበረም። ንፋሱ ያስገባውን አሸዋ ከጠረጴዛው ላይ ልጠርግ ደብተሩን ሳነሳው ተከፈተ።

የሰው ጽሑፍ የማንበብ ልማድ የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት ከአባቴ ዘንድ በዳዊት ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ቶሎ አይነበብልኝም። ግን የልጄን እጅ አውቀዋለሁ። ከላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገርና 7 ቁጥር አለ። ከሥሩ በአማርኛ ነው። «እናቴ» የሚለው ቃል ዓይኔ ላይ ወደቀና ማንበብ ጀመርኩ።

«እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ። እናቴ ደህና ነኝ ስላት ታምነኛለች። ባሕሩ ዳር ስቆም ና፣ ግባ ይለኛል። የዘንድሮን ቡሄ የምውል አይመስለኝም።»

አንድ ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ማንበብ አልቻልኩም።

ቡሄ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል።

ስወጣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። በዚያ ሰዓት አሰብ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይተኛል። የወሎው ሰይድ ብቻ ከሱቁ በረንዳ አግዳሚ ላይ ጋደም ብሏል።

«ሰይድ፣ ክፍሌን አይተኸዋል?»

«አሁን በዚህ አለፈ፣ ወደ ባሕሩ። ምነው እትዬ አስካለ? ጫማዎን ተመልክተውታል?»

ሳይ አንድ እግሬ ላይ የእኔ፣ ሌላው ላይ የባለቤቴ ነጠላ ጫማ ነው።

«አብሽሩ፤ ጎረምሳ ነው፣ ሙቀቱን ሊያበርድ ነው» አለኝ። ጥዬው ሮጥኩ።

ባሕሩ ዳር ስደርስ ሸሚዙ ተጣጥፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጫማው ከጎኑ ነው። ክፍሌ ልብሱን አጥፎ አያውቅም።

ሩቅ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ብቅ አለና ጠፋ። «ወላዲተ አምላክ!» ብዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ዋና አላውቅም። ውሃው ወገቤ ላይ ደረሰ። «ክፍሌ!» እያልኩ ተጣራሁ።

«እማዬ! ምን ሆነሽ? ነጠላሽን እኮ ውሃ ወሰደው!»

ከጎኔ በኩል ነው ብቅ ያለው። በጥፊ መታሁት። ከዚያ አቀፍኩት።

ዳር ወጥተን ደብተሩን አንብቤዋለሁ ስለው ፊቱ ተለወጠ።

«እማዬ፣ እሱ እኮ የእኔ አይደለም! የሰው ቃል ነው። እንደተናገረው በራሱ አንደበት ነው የምንጽፈው። ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል እኮ፤ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ።»

ተንበረከክሁና አመሰገንኩ። የእኔ ልጅ አይደለም፤ ሌላ ነገር አልታየኝም። አሸዋው ጉልበቴን ሲያቃጥለኝ ነው የተነሳሁት።

«ታዲያ የማን ነው?»

«አልነግርሽም። ምስጢር አላወጣም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አስተማሪያችንም አስጠንቅቆናል።»

«መቼ ነው ይህን ያለህ?»

«ማክሰኞ።»

«ከዚያ ወዲህ አይተኸዋል?»

ጫማውን አንስቶ አሸዋውን ማራገፍ ጀመረ።

«ምግብ እምቢ ያለህ ለዚህ ነው?»

«እሱን ሳስብ አይወርድልኝም፣ እማዬ። ብናገር ቃሌን አፈርሳለሁ። ዝም ብል ደግሞ...»

«ልጄ፣ የእሱ እናት ይህን ደብተር ብታነበው ምን ታደርግ ነበር?»

እርጥብ ገላው ላይ ሸሚዙን አጠለቀ። «ነይ» አለኝ።

ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ስንሄድ የፈራሁት ፍርሃት ከቅድሙ ይብሳል። ለልጄ ስፈራ ሮጬ ነበር። አሁን መሮጥም አቃተኝ፤ ብንደርስ የምናገኘውን ፈራሁ። ክፍሌ ፊት ፊት ይሄዳል።

የሰውየውን ስም እኔም አልጽፍም። ክፍሌ በሩን መታ። መልስ የለም። ደገመ። ከውስጥ ሲሳል ሰማሁና ግድግዳውን ተደገፍኩ።

የከፈተልን የክፍሌ እኩያ የሚሆን ልጅ ነው። በዚያ ሙቀት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጫማውን አስሯል። ክፍሉ ተጠርጓል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

እኔን አየ፣ ክፍሌን አየ። «ምሁሩ! ቁጥር ሰባት ነህ አላልከኝም ነበር? ቁጥር እናት አለው እንዴ ይዘህልኝ የመጣኸው?»

«አውጥቼብሃለሁ። ይቅር በለኝ» አለው ክፍሌ።

ልብሴ ከወገቤ በታች ይንጠባጠባል። «ልጄ፣ ወዴት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

እርጥብ ቀሚሴን ሲያይ ቆየ። «ማዘር፣ ምን ሆነው ነው?»

«ባሕር ገብቼ ነው። አንተ የእኔ ልጅ መስለኸኝ።»

ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቀስ ብሎ ሲያለቅስ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ክፍሌ ፍራሹን ፈታና መልሶ ዘረጋው፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ እንደገና ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገው። ሦስታችንም ወደ ቤታችን ሄድን። ያን ሌሊት ክፍሌና እሱ አንድ ክፍል አደሩ፤ እኔ ዳዊቴን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ያ ልጅ አሁን አገሩ ገብቶ ሚስት አግብቷል። ለበዓል ይጽፍልኛል። ክፍሌ ከጥናቱ ያችን ገጽ ቀድዶ አወጣት፤ አስተማሪው ምን እንዳለው አልጠየቅኩትም። እኔ ግን ደብተሩን ያስከፈተችልኝን እመቤቴን አመሰግናለሁ፤ ባይከፈት ኖሮ አላውቅም ነበር።

ያ ሌሊት ሲነጋ፣ እሑድ ቢሆንም መርከብ ስለገባ ወደቡ ይሠራ ነበር። ጠዋት በአንድ ሰዓት ልጁን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ደጃፍ ቆምኩ። አገሩ ይግባ፣ ዘመዶቹን ይይ፣ ፈቃድ ስጡት አልኩ። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«ይህን ያህል የሚለምኑለት እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«እናቱ ነኝ» አልኩት።

በጾም፣ በእሑድ ጠዋት ነው ያልኩት። ለንስሐ አባቴ እስከ ዛሬ አልተናዘዝኩትም።