የምርቃት ተራ

አያ ባዘዘው ሠርግ ጠልቶ አያውቅም፤ የሚፈራው ምርቃቱን ነው። ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለችው መንደራቸው ሙሽሪት ከዳሱ ከመውጣቷ በፊት የሽማግሌዎቹን ጉልበት በየተራ ትስማለች። እነሱም «እንደኛ ወልዳችሁ ክበዱ» እያሉ ይመርቃሉ። እንግዲህ ሰው የሚመርቀው ካለው ላይ ቆርሶ ነው። ባዘዘው ልጅ አልወለደ፤ ሚስቱ አመተ ማርያም ካረፈች ወዲህ ደግሞ እቤቱ ከሱ ሌላ የሚተነፍሱት ሁለቱ በሬዎቹ ናቸው። ታዲያ ምን ይዞ ጉዞ? «እንደኔ ሁኚ» ቢል እርግማን ሊሆን ነው።

አንድ ጊዜ፣ ሐዘኑ ገና ትኩስ ሳለ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ተራው ደረሰ። ጎረቤቱ አሰገደች «አያ ባዘዘው ደክሞታል፣ ይለፈው» ብላ ሙሽሪትን ክንዷን ይዛ አሳለፈቻት። በክፋት አልነበረም፤ በክፋት ቢሆንማ ይቀለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉ ማዕዱ ሲነሣ «ከብቶቹን ልይ» ብሎ ይወጣል። ከብቶቹ ደህና መሆናቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቆይ የሚለው ግን የለም። የሚያቆስለው ይሄ ነበር።

ዘንድሮ የዚያችው የአሰገደች ልጅ የኔአለም ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ሆነ። የኔአለምን አመተ ማርያም አዝላ ነው ያሳደገቻት። ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ከገባች በኋላ እንኳ ለበዓል ስትመጣ መጀመሪያ የምታንኳኳው የሱን በር ነው።

«አያ፣ የእርስዎን ምርቃት ሳልቀበል ከዳሱ አልወጣም» አለችው።

ሳቅ ብሎ አለፋት። እቤቱ ሲገባ ግን እስከ ሠርጉ የቀረውን ቀን በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

በዚያ ጾም የኔታ ፍሥሐ ከቅዳሴ በኋላ አንቀጸ ብፁዓንን ያስተምሩ ነበር። ባዘዘው ይህን ንባብ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል፤ የሰማውን ያህል ግን አላዳመጠውም። የኔታ «የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው» የሚለውን ባስተማሩበት ሰንበት ሰው እስኪበተን ጠብቆ ቀረባቸው።

«የኔታ፣ ያልታደለ ሰው መመረቅ ይችላል?»

«አልታደልህም ያለህ ማነው?»

«ቤቴ ነዋ።»

የኔታ ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። «እስቲ ከነዚህ ብፁዓን መካከል ጎተራው የሞላውን ፈልግልኝ። ድኻ አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ የተራበ አለ። በልጆቹ ብዛት ብፁዕ የተባለ አለ?»

ባዘዘው ፈለገ፤ አጣ።

የቀረውን ያገኘው ራሱ ነው፣ እርሻ ላይ። «ጌታ ራሱስ?» አላቸው በሬዎቹን፤ ሌላ ሰሚ የለውም። «ጎጆ አልቀለሰ፣ ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። ሲያርግ እጁን አንሥቶ የባረከ እሱ አይደል እንዴ?» ጅራፉን አውርዶ ትልሙ መካከል ቆመ። ለካ ስንት ሠርግ በከንቱ ሸሽቷል! በራሱ ተናደደ፤ ቀጥሎም አለቀሰ።

የሠርጉ ቀን ማዕዱ ሲነሣ እግሩ ለምዶበት ብድግ አለ። እንደምንም መልሶ ተቀመጠ። ተራው ደረሰ። አሰገደች አየችውና መሬት መሬት ታይ ጀመር። የኔአለም ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች።

እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። «ልጄ፣ እንደኔ ሁኚ አልልሽም። ውለጂ፣ ክበጂ። ያለቀስሽ ቀን ግን አጽናኝ አትጪ። ቤትሽ ጭር ባለ ቀን ጌታ ከጎንሽ አይለይ። እኔ አይቼዋለሁ፤ አይለይም።»

ቀድማ አሜን ያለችው አሰገደች ናት፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ባዘዘው አመሻሹ ላይ እቤቱ ገባ። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ሠርጉ እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቀው የለም። ብቸኝነቱ ቀለለለት ብዬ አልዋሽም፤ እንዲያውም ያን ሁሉ ሰው አይቶ ሲመለስ ባሰበት። አመተ ማርያም ትተኛበት በነበረው መደብ ፊት ቆመ፤ ያንኑ እጁን ዘረጋና ቤቱን መረቀ። አሜን የሚል ሰው ስላልነበረ፣ አሜኑንም ራሱ አለ።