ራሱ ላይ ቄጠማ ያሰረ ሰው ፍለጋ

ዛሬ ጠዋት የፋሲካ ዶሯችንን ስማቸውን የማላውቀው ሽማግሌ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ በረንዳ ላይ አረዱልን።

ጭሮ ከተማ ውስጥ በበዓል ዋዜማ ዶሮ የሚጠራበትን ዋጋ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኛ ቤት ዋዜማ ላይ ዶሮ ከተገዛ የወሩ አስቤዛ አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ የፋሲካን ገበያ የምጀምረው ጾሙ እኩሌታ ላይ፣ ፈላጊው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ቅቤውን ያኔ ገዝቼ አንጥሬ አስቀምጣለሁ። ሽንኩርቱን ሳይወደድ ገዝቼ አልጋ ሥር ጆንያ ላይ እበትነዋለሁ። ዶሮውን ደግሞ እህቴን ልጠይቅ መሰላ ስሄድ ከገበሬ እጅ እገዛለሁ። መንገዱን እንደሆነ ለእህቴ ስል መሄዴ አይቀርም።

የዘንድሮው ቀይ አውራ ዶሮ ነበር። ስገዛው ከሲታ ነበር፤ ያወፈረው የጎረቤቴ የዘይነባ የማሽላ እንጥርጣሪ ነው። ከዘይነባና ከባሏ ከዩሱፍ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ኦርቶዶክስ። ብዙ ነገር አብረን እንበላለን፣ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። በዚህ የሚቀየም ሰው አይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ የሚሠራው ቦርደዴ ስለሆነ የሚገባው ዛሬ ማታ ነው። እሱ መጥቶ እስኪያርድ ብዬ ዶሮውን በገመድ አሰርኩና ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ... የግቢያችን በር ላይ ላባና ደም። የተበጠሰ ገመድ። ዶሮው የለም።

ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር።

«ገመዱን በጥሶ ወጣ፤ ባጃጅ ገጨው» አለችኝ።

«ሞተ?»

«ሊሞት ነበር። ዩሱፍ ቢላ ይዞ፣ ሉኩውን... ዶሮሽን አንስቶ ሮጠ።»

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ... ክርስቲያን፣ ክርስቲያን እያለ ነው የሄደው።»

የያዝኩትን ዝንጅብል እንደያዝኩ ቀረሁ። ዶሮው ሳይታረድ ከሞተ ለማንም አይሆንም። ዩሱፍ ነፍሱ ሳትወጣ ብሎ ራሱ ካረደውም ለኛ ያው ነው። ሌላ ዶሮ የምገዛበት ገንዘብ የለም። ሳምሪና ሌሎቹ ልጆቼ ደግሞ ጾሙን የከረሙት ያንን ዶሮ እያዩ ነው። ለነሱ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ማሰብ ጀመርኩ።

ዘይነባ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «አብሽሪ፣ እሱ ሞኝ አይደለም» አለችኝ። ድምፅዋ ግን እሷም እንዳልተማመነች ያስታውቅ ነበር።

ብዙም ሳንቆይ ዩሱፍ በመንገዱ ጥግ ብቅ አለ። ሸሚዙ ደም በደም ሆኗል። ዶሮውን እግሮቹን ይዞ ዘቅዝቆታል... ታርዷል። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከሩቅ ጮክ ብሎ፣

«የሳምሪ እናት፣ የእናንተው ሰው ነው ያረደው!» አለኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ትንፋሹ ሲመለስለት ነገረን። መጀመሪያ የገባው ጸጉር ቤት ነው። ጸጉር አስተካካዩን ክርስቲያን ነው ሲሉ ሰምቷል።

«ለጎረቤቴ ነው ብዬ ቢላውን ሰጠሁት። ‹ጴንጤ ነኝ፤ ለኔ ችግር የለውም፣ ሴትየዋ ግን ትብላው አትብላው አላውቅም፣ ጠይቃት› አለኝ። ጠይቄ እስክመጣ ይሞታል አልኩትና ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የሰው ፊት ማየት ተውኩ። ራስ ራስ ብቻ ነው የማየው።»

ዛሬ ቅዳም ስዑር ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ቄጠማ ራሳቸው ላይ ያስራሉ። ዩሱፍ ከእኛ ጋር ብዙ ፋሲካ ስላሳለፈ ይህን ያውቃል። በመጨረሻ የመለዋወጫ ሱቁ በረንዳ ላይ ቄጠማ ያሰሩ ሽማግሌ ተቀምጠው አየ።

«‹አባቴ፣ ቶሎ ይረዱልኝ› አልኳቸው። ‹አንተ እጅ የለህም?› አሉኝ። ‹እኔ ካረድኩት ጎረቤቴ አትበላውም› አልኳቸው። ወላሂ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ተነስተው ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ክንፉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

«በስመ አብ ብለዋል?» አልኩት። ማረጋገጥ ነበረብኝ።

«ሦስቱንም ብለዋል፤ ሰምቻለሁ።»

ዘይነባ «እኔን ምጥ ይዞኝ መኪና ፈልግ ስልህ እንኳን እንዲህ አልሮጥክም» አለችው። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

ስገነጣጥለው አንዱ እግር ተቀጥቅጧል፣ ክንፉም በልዟል። የቀረው ብልት ግን ሙሉ ነው። የተጎዳውን አጠራርጌ አዘጋጀሁት። አሁን ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ እየተቁላላ ነው፤ ቤቱም በዓል በዓል መሽተት ጀምሯል።

የቀረኝ ጉዳይ ዩሱፍ ነው። ያን ያህል የሮጠለትን ዶሮ ሊቀምሰው አይችልም። ዘይነባን ነገ ምን ላቅርብላችሁ ብላት «ዳቦሽ ይበቃናል፣ አትጨናነቂ» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ዶሮ ከነሕይወቱ ልሰጠው፣ ራሱ ይረደው ብያለሁ። ዛሬ ዋጋው አይቀመስም። በዓሉ ባለፈ ማግስት ይረክሳል።

የሰው ውለታ ዋጋው እስኪወርድ ይጠበቃል ወይ... ባለቤቴ ማታ ከቦርደዴ ሲገባ እንወስናለን።