በሁዳዴ የተቀባሁት ቅባት

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ ልጅ ያዘለች ወጣት እናት ቆማ ነበር። ሁለት ዓመት ግድም የሚሆነውን ልጅ በነጠላ ደራርባ ስለሸፈነችው አየር የሚያገኝም አይመስልም። ነጠላው ሸርተት ሲል ፀጉሩን አየሁት፤ እንደኔው ነጭ ነው። ሻጩ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አወጣላት። እሷ ግን ቱቦውን እያገላበጠች በለሆሳስ፣ "ወተት ወይ ቅቤ ነገር ይኖረው ይሆን? ሁዳዴ ነው እኮ" ብላ ጠየቀችው። ሻጩ ፈገግ አለ። እኔ ፈገግ አላልኩም፤ እጄ ሳላዘው ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄደ።

የተወለድኩት ዳባት ነው፤ ከጠይም እናትና አባት፣ ነጭ ሆኜ። ሐኪም አልቢኒዝም ይለዋል። የሰፈር ልጆች ግን ወደ ስሜን የሚወጡ ቱሪስቶች ጥለውኝ የሄዱ ይመስል "ፈረንጂቱ" ይሉኝ ነበር። ለሱ እንኳ ግድ አልነበረኝም፤ የምፈራው ፀሐይን ነበር። የኛ አገር ብርድ ያታልላል፤ ነፋሱ እያንቀጠቀጠ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። ፊቴ ሲላጥ እናቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ታሽልኝ፣ ከቤት ስወጣ ደግሞ ቅቤ ትቀባኝ ነበር። ምስኪን፣ መጥበሻው ላይ ቅቤ እየጨመረች መሆኑን ማን ነግሯት።

አባቴ አንዲት እኅት ነበረቻቸው፤ እሷም እንደኔ ነጭ። አንገቷ ላይ የወጣች ቁስል እየሰፋች ሄዳ ገደለቻት። ምግብ ስወስድላት በአንድ እጇ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ፣ በሌላው እጇ ዝንብ እያባረረች ትቀበለኝ ነበር። ስልጆ በጣም ትወድ ነበር። በመጨረሻ እሱንም መዋጥ አቃታት።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የቀኝ ጆሮዬ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። ትደማለች፣ ቅርፊት ታበጃለች፣ ተመልሳ ትደማለች። ምን እንደሆነች ወዲያው ገባኝ። ካልተነገረ የማይኖር ይመስል ለማንም ሳልተነፍስ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩባት። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምነካው እሷን ነበር። ሁዳዴ በገባ ሰሞን አባቴ ሻሼ ላይ ደም አዩ። ሻሼን ፈትተው አዩና ፊታቸው አመድ መሰለ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ወረድን። ኮሶዬ ላይ ፀሐይዋ በእኔ በኩል በመስኮት ስትገባ አባቴ ጥቁር ጃንጥላቸውን አውቶቡሱ ውስጥ ዘረጉት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ረዳቱም "አባ፣ ዝናቡ ከየት በኩል ነው?" አላቸው። እንዳልሰሙ ሆነው ጎንደር እስክንገባ አላጠፉትም።

የቆዳ ሐኪሟ ቁስሏን ከጆሮዬ ጫፍ ጋር ቆርጣ አወጣቻት። ውጤቱ እስኪመጣ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው የአክስቴን አንገት ነበር። ካንሰር ነበር፤ ግን ገና ጀማሪ፣ ሙሉ በሙሉም ወጥቷል። "ይቺን ቀደምናት፤ ፀሐይ ላይ እንዲሁ ከዋልሽ ግን ሌላ ትመጣለች" አለችኝ። አንድ ቱቦ ቅባት ሰጥታ አስተማረችኝ። ስገዛ ቱቦው ላይ የተጻፈው የመከላከል አቅሙ ቁጥር ከሠላሳ እንዳያንስ፣ ለእኔ ቢቻል ሃምሳ እንዲሆን፣ ጊዜው አለማለፉንም እንዳይ፤ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ፊት ከሚያቀላ ክሬም ጋር እንዳላምታታው። እኔን ደግሞ ምን ሊያቀላኝ ነው ብዬ በፍርሃቴ መሐል ሳቅሁ። ከመውጣቴ ቀደም ብዬ ሳልሰስት እንድቀባ፣ ጆሮና ማጅራት እንዳልረሳ፣ ውጭ ከዋልኩ በየሁለት ሰዓቱ እንድደግም ነገረችኝ። ቅባቱን ተማምኜም ባርኔጣና ጃንጥላ እንዳልተው።

ቤት ስንደርስ መሪጌታው አባቴ ሱባኤ ስለያዙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው እዚያው ሰነበቱ። እናቴ ቱቦውን ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። "በሁዳዴ ቅቤ አንቀባም፤ ይኼ ደግሞ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ጾም ሲፈታ ትቀቢያለሽ" አለችኝ። አትፍረዱባት። እኔን ስትወልድ "ምን ሠርታ ነው?" ያላት ሰው ጥቂት አልነበረም፤ አጥብቃ ከጾመች እግዜር እኔን እንደሚተውላት ታምን ነበር። እኔም ፀሐዩንም ኃጢአቱንም ፈርቼ ቤት ተቀመጥኩ። በበሩ ስንጥቅ የምትገባው ጨረር መደቡ ጋ ስትደርስ እግሬን እሰበስብ ነበር።

የሆሳዕና ዋዜማ እናቴ ከቆላ፣ ከአዲ አርቃይ በኩል የመጣ ዘንባባ ልናመጣ እንውጣ ስትለኝ እምቢ አልኩ። በዚህ መሐል አባቴ ልብስ ሊቀይሩ መጡና ጨለማ ውስጥ ተኮራምቼ አገኙኝ። ቅባቱ የት እንዳለ ጠየቁ።

"መሪጌታ፣ ጾሙ እኮ ሊያልቅ ነው" አለች እናቴ። "አሁን ከምናስገድፋት ትንሽ ብትታገሥ።"

"እኅቴን የቀበርኳት በሁዳዴ ነው" አሉ አባቴ። "ይችን አልቀብርም። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን። አምጪው።"

ቱቦውን ጨምቀው ግማሹን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱት። ብራና በሚጽፉበት ቀለም የጠቆረ ጣታቸው የተቆረጠው ጆሮዬ ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋኔን አያስፈራቸውም የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከእኔ የበለጠ የፈራ ሰው ቤታችን ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ቆማ ስታየን ቆየችና ጠጋ ብላ፣ "ማጅራቷን ዘለሉት" አለች።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። ፍርሃቴ ግን አለ፤ አሁንም በየጠዋቱ ጆሮዬን እየዳበስኩ ነው የምቀባው። ድፍረት ይሻላል ለሚለኝ ሰው፣ ለዚህ ዕድሜ ያበቃኝ የሦስታችን ፍርሃት ነው እለዋለሁ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ባርኔጣዬን አውልቄ ጎዶሎውን ጆሮዬን ለዚያች እናት አሳየኋት። "ፀሐይ ያመጣው ካንሰር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይኼን ቅባት በየቀኑ እቀባለሁ" አልኳት። ትክ ብላ አየችው።

"በጾም?" አለችኝ።

"በጾም" አልኳት።

ከፍላ ወጣችና በረንዳው ጥላ ጫፍ ላይ፣ ፀሐዩ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ቆመች። ልጁን አውርዳ ፊቱን፣ ከዚያም ጆሮዎቹን ቀባችው። አዝላው ልትሄድ ስትል ደረስኩባት።

"ማጅራቱን ዘለልሽው" አልኳት።